ለእናቴ ግቢ ብለን የሄድንበት የነጻ ሕግ ድጋፍ ቢሮ፣ ድሬዳዋ (ከ5 ኮከብ 4)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰው አስተያየት ሚጽፈው ብዙ ጊዜ ስለ ምግብ ቤትና ስለ ሆቴል ነው፣ እኔ ዛሬ ስለ ነጻ የሕግ ድጋፍ ቢሮ ልጽፍ ነው ምክንያቱም እኛ በጨነቀን ሰዓት እንዲህ አይነት ነገር ጽፎ ያቆየን ሰው ቢኖር ሶስት ሳምንት ሙሉ ባልተንከራተትን ነበር። ቢሮው እዚሁ ድሬ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህራንና ተማሪዎች ናቸው ሚሰሩበት። ስሙን አልጠቅስም፣ ጉዳዩ የቤተሰብ ነው ድሬ ደግሞ ሁሉም ሰው ሚተዋወቅበት ከተማ ስለሆነ የማን ቤት እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ፍርድ ቤት አካባቢ የነጻ ሕግ ድጋፍ የቱ ጋ ነው ብላችሁ ጠይቁ ያሳዩዋችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ነበር ሚሰራው። ገንደ ቆሬ ያለው ግቢያችን 480 ካሬ ነው፣ ካርታው በሱ ስም 1979 ላይ የወጣ። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ እዛው ነች፣ እኛ አራት ልጆች ነን፣ ወራሽነት እናውጣ ስም እናዙር ያለ ሰው የለም፣ ያው እናታችን አለች አይደል ማን ይነካናል ብለን ነው። ታላቅ ወንድሜ 2003 ላይ ሲያገባ በጓሮ በኩል ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሰርተው እዛው ገቡ፣ ሁለት ልጅ ወለዱ፣ ከእናቴ ጋር ከአንድ ድስት ነበር ሚበሉት። 2014 ላይ ተጣሉና ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ሳቢያን ቤት ተከራየች። ፍቺ ምናምን የለም ዝም ብሎ መለያየት። ሁለት አመት እንደዛ ቆይተው 2016 ላይ ሽማግሌ ገባ፣ መታረቁ አልሆነም፣ እንግዲያው በስምምነት ተፋቱ ተባለና ስምምነት ተጽፎ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጸደቀ። እኛ የሰማነው ተፋቱ የሚለውን ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ምን ተጻፈ ብሎ የጠየቀ የለም፣ ወንድሜም ትንፍሽ አላለም።

ከዛ አንድ ቀን ጠዋት የፍርድ ቤት አፈጻጸም ሰዎች ሜትር ይዘው መጡ። እናቴ ዘይቱኑ ስር ቁጭ ብላ ቡና እየቆላች ነበር። አንደኛው ልጅ ሜትሩን ጎትቶ በጎኗ ሲያልፍ ማማ እስቲ ትንሽ ብድግ በይልኝ አላት፣ እሷም ብድግ አለችለት፣ ወንበሯንም አነሳችለት፣ ኋላ ነው ምን ልትሰሩ ነው ልጄ ያለችው። ግቢውን ለሁለት ልንከፍለው ነው አላት። መስመሩ ያረፈው በቧንቧውና በእሷ መኝታ ቤት መስኮት መሃል ነው፣ አጥሩ ላይ ቀይ ቀለም ነክተው ሄዱ። እኔ ስደርስ ቡናው ምጣዱ ላይ አሮ ከሰል ሆኗል፣ እሷ ቀለሙን በጨርቅ እያሸች ነው። ያንን መቼም አልረሳውም።

ወንድሜን ስንይዘው ነገሩ ወጣ። ስምምነቱ ላይ «በጋራ ያፈራነውን 480 ካሬ ይዞታና በላዩ ላይ ያለውን ቤት እኩል ለመካፈል ተስማምተናል» ይላል፣ እሱ ፈርሟል፣ እሷ ፈርማለች፣ ዳኛው ጠይቋቸው አዎ ብለዋል። ለምን ስንለው ጣጣው ያልቅልኝ ብዬ ነው፣ ወረቀት ላይ ብቻ መስሎኝ ነው አለ። አርባ ምናምን አመት የሞላው ሰው። እሺ ይሁን።

ቀጥሎ ያደረግነው ሁሉ ስህተት ነበር። ሰው ሁሉ ይግባኝ በሉ ይላል። ማመልከቻ ጸሐፊ ጋ ሄደን 800 ብር ከፍለን ይግባኝ አስጻፍን፣ መዝገብ ቤት ስንወስደው ተከራካሪ ነበራችሁ ወይ አሉን፣ አልነበርንም፣ እንግዲያው ይግባኝ ማለት አትችሉም ተባልን። እውነት ነው ይግባኝ የተከራከረ ሰው ነው ሚለው። ሐረር ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ የራሷን የፍቺ ወረቀት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ ይሄንን አስመስለሽ አጽፊ ብላ። ኋላ ቢሮው ውስጥ ነው የነገሩኝ፣ ድሬዳዋ ላይ ሚሰራው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 213/1992 ነው፣ ክልሎች የራሳቸውን ያወጣሉ፣ ስለዚ የሌላ ቦታ ወረቀት መገልበጥ አያዋጣም። አንድ ጠበቃም ጠይቀን ነበር፣ ዋጋውን ስንሰማ ዝም ብለን ወጣን።

ቢሮውን የነገረችን መዝገብ ቤት በር ላይ ወረፋ ምትጠብቅ ሴትዮ ናት። ሰኞ ጠዋት ሄድን እናቴን ይዤ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ቬንትሌተሩ አይሰራም፣ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ወረቀቱ ራሱ እጅ ላይ ይጣበቃል። የተቀበለን ተማሪ የድሬ ልጅ አይደለም፣ እናቴን እርስዎ፣ ይቀመጡ፣ ይንገሩኝ እያለ ሲያናግራት ግራ ገባት፣ ድሬ ላይ አንቱ ማንን ነው ሚባለው፣ ልጄ ምን አጠፋሁ አለችው። እስኪገባት ድረስ ግን አልተጣደፈም፣ መምህሩም ከጎኑ ሆኖ ያዳምጣል።

እኔ አፌን ከፍቼ ታሪኩን ልጀምር ስል መጀመሪያ ወረቀቱን አለኝ። ታሪኩ አይደለም ወረቀቱ። የውሳኔውን ግልባጭ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ከዛ እርሳስ አንስቶ «ያፈራነውን» ምትለዋ ቃል ስር አሰመረ። ካርታውን ከጎኑ አስቀመጠ፣ 1979። የጋብቻ ወረቀቱን ከካርታው ጎን አስቀመጠ፣ 2003። ወንድምሽ በ1979 ስንት አመቱ ነበር አለኝ። ስድስት አልኩት። ሌላ ምንም አላለም እርሳሱን አስቀመጠ። እኔ ያለቀስኩት ያኔ ነው፣ ሶስት ሳምንት ሙሉ ለስንት ሰው አውርቼ ያንን ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንድ ሰው አልነበረም።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ ምክንያቱም ብዙ ሰው ላይ ሚደርስ ነው። ባልና ሚስት ተስማምተው ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት በእነሱ መሃል እንደ መጨረሻ ፍርድ ነው ሚቆጠረው። ግን እዛ ክርክር ውስጥ መግባት ሲገባው ወይ ሲችል ያልገባ፣ መብቱ ግን የተነካበት ሰው ካለ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል፣ ሚያቀርበውም ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ራሱ ነው። እኛ ማለት ነው። እናቴ የግቢው ግማሽ የሷ ነው፣ ከአባቴ ጋር ያፈሩት ስለሆነ። የአባቴ ግማሽ ደግሞ ለአራት ልጆች እኩል ነው። ተማሪው ወረቀት ጀርባ ላይ ደመረልን፣ 240 የእናቴ፣ ቀሪው 240 ለአራት ሲካፈል 60፣ 60። ወንድሜ ቢበዛ 60 ካሬ የሆነ ድርሻ ነው ያለው፣ እሱም በውርስ የመጣ ስለሆነ በቤተሰብ ሕጉ የግል ሀብቱ ነው እንጂ የጋራ አይደለም። ያ ሰውዬ 480 ሙሉውን ነው ሲያካፍል የነበረው።

ግን ጊዜ አለው። መቃወሚያው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ነው መግባት ያለበት። ሜትሩ ተለክቷል ማለት አፈጻጸሙ ተጀምሯል፣ አልቆ ርክክብ ቢደረግ ኖሮ በዚ መንገድ መሄድ አንችልም ነበር። መምህሩ ይሄን ሲሰማ ሌላ ወረፋ ያለውን ሰው ይቅርታ ጠይቆ በዛው ቀን አጻፈልን፣ ከመቃወሚያው ጋር አፈጻጸሙ እንዲታገድ ሚል ማመልከቻም አብሮ። ቃለ መሐላ ያስፈልጋል፣ እናቴ በጣቷ ፈረመች።

አሁን ቢሮውን ከልቤ ምወድበትን ነገር ልናገር። እኔ በንዴት ስምምነቱ በሙሉ ይሰረዝልን ብዬ ነው የመጣሁት። ፍቺውም የልጆቹም የቤት እቃውም የባጃጇም ሁሉም። አይ አሉኝ። እናንተ መቃወም ምትችሉት የናንተን መብት የነካውን ብቻ ነው፣ ልጆቹን ማን ያሳድግ፣ ባጃጇን ማን ይውሰድ እናንተን አይመለከትም አሉኝ። እሺ እንግዲያው ወንድሜ ራሱ ተገድጄ ነው የፈረምኩት ይበል አልኩ። ተገደደ ወይ አለኝ መምህሩ። ዝም አልኩ። እንደዛ ከሆነ አንጽፍም አለ፣ ኮስተር ብሎ ነው ግን ሳያዋርደኝ። የፈረመ ሰው ተታለልኩ ወይ ተገደድኩ ሚል ከሆነ ማስረዳት አለበት፣ ዳኛ ፊት ቆሞ አዎ ብሏል፣ በኋላ ላይ ሐሰተኛ ሰነድ ወይ ሐሰተኛ ምስክር ወይ ጉቦ እንደነበረ የታወቀ ከሆነ በዚሁ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 6 ከታወቀ በአንድ ወር ውስጥ ፍርዱ ድጋሚ እንዲታይ መጠየቅ አለ፣ ጸጸት ግን ምክንያት አይሆንም አለኝ።

ይሄ ለሌላም ሰው ሚጠቅም ስለሆነ ልጨምር። ከኛ ቀጥላ የገባች አንዲት ልጅ ነበረች፣ እሷ ራሷ ፈራሚ ናት፣ ድርሻዬን ትቻለሁ ብላ ፈርማ አሁን ተጸጽታለች፣ እኔንም እንደነሱ በ358 አስገቡኝ አለች። አይሆንም አሏት፣ 358 ክርክሩ ውስጥ ላልነበረ ሰው ነው። ስታለቅስ ዝም ብለው አልሸኟትም፣ አስቀምጠው ስትፈርም ማን አብሯት እንደነበረ፣ ቤቱ መሸጡን ታውቅ እንደነበረ አንድ በአንድ ጠየቋት። መጨረሻዋን አላውቅም እኛ ወጣን። ግን ከመፈረማችሁ በፊት ነው እዚህ ቢሮ መምጣት ያለባችሁ፣ እባካችሁ፣ ከፈረማችሁ በኋላ በሩ በጣም ይጠባል።

ሌላ ያልጠበቅነው ነገር ደግሞ ሰርቪሶቹ ናቸው። እኔ መሬቱ የኛ ከሆነ ቤቱም የኛ ነው ብዬ ነበር። አይደለም። ሁለቱን ክፍል ወንድሜና ሚስቱ በትዳር ውስጥ በሁለቱ ገንዘብ ነው የሰሩት፣ የሷ ላብ አለበት፣ ሲሚንቶ ስትቆጥር ውሃ ስታመላልስ እኔም አይቻለሁ። የግንባታው ግምት ግማሽ የሷ ነው። ሶስተኛው ክፍል 2015 ላይ ነው ያለቀው ተለያይተው እያሉ፣ ይሄ እንኳን የወንድሜ ብቻ ነው ስንል እሱንም አስረዱን፣ መለያየት ፍቺ አይደለም፣ ጋብቻው ፍርድ ቤት እስኪያፈርሰው ድረስ በመሃል የተፈራው የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፣ የግሌ ነው ሚል ሰው እሱ ያስረዳ። ለብዙ አመት ተለያይቶ የየራሱን ሕይወት የመሰረተ ሰው ላይ ሰበር ችሎት የሰጠው ውሳኔ አለ፣ ሁለት አመት የልጅ ወጪ እየላከ የኖረ ሰው ግን እዛ ውስጥ አይገባም አሉን። ወንድሜ ይሄን ሲሰማ ደስ አላለውም። እኔም መጀመሪያ ደስ አላለኝም፣ ለማን ነው ምትሰሩት ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ልክ ናቸው፣ እኛ ላይ ሊደረግ ነው ብለን የጮህነውን እኛ እሷ ላይ ልናደርግ ነበር።

ክርክሩን ባጭሩ ልለፈው። እግዱ ተሰጠ፣ ያን ቀን እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት። ከዛ ወራሽነት ማውጣት፣ ምስክር ማምጣት፣ የአባቴና የእናቴ ጋብቻ ማስረጃ ፍለጋ ቀበሌ መመላለስ፣ በስድስት ወር ውስጥ አምስት ቀጠሮ። ቢሮው ይጽፍላችኋል ያዘጋጃችኋል እንጂ ሁልጊዜ ችሎት አብሯችሁ አይቆምም፣ ለእናቴ በውክልና የቀረብኩት እኔ ነኝ። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በፊት ግን ተማሪው ዳኛ ሆኖ እየጠየቀ አለማመደኝ፣ ስዘባርቅ ያቆመኛል፣ የተጠየቅሽውን ብቻ ይላል። ጠቅሞኛል፣ ችሎት ላይ ድምጼ አልተንቀጠቀጠም።

ሚከብደው ግን ወንድምን ተጠሪ ብሎ መጻፍ ነው። መቃወሚያው ሁለቱም ላይ ነው ሚቀርበው፣ እሱም እሷም መጥሪያ ይደርሳቸዋል። እናቴ የልጇን ስም ወረቀቱ ላይ ስታይ ይሄንን አውጡልኝ አለች። ተማሪው ወንበሩን ወደሷ ስቦ ክስ እንዳልሆነ፣ የሷን ድርሻ ከነሱ ጉዳይ ማውጣት ብቻ እንደሆነ ቀስ አድርጎ ነገራት።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ኮሪደር ውስጥ ተገናኘን፣ የወንድሜ ሚስት ትንሹን ልጅ ይዛ መጥታለች። ማንም ማንንም አላየ። ልጁ ግን አያቱን ሲያይ ሮጦ ጭኗ ላይ ወጣ፣ እናቴ ከቦርሳዋ ውሃ አውጥታ አጠጣችው። ያኔ ሚስቱ ቀረብ ብላ እማ እኔ አንቺን ላስወጣ አይደለም የመጣሁት፣ እሱ አስራ አንድ አመት ሙሉ ግቢዬ ግቢዬ ሲለኝ ነው የኖርኩት፣ ካርታውን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም አለች። አምናታለሁ። እኛስ መቼ አሳየናት፣ እኛም ያንተ ግቢ እያልን ነው ያሳደግነው።

በመጨረሻ ፍርዱ ተሻሻለ። ይዞታው ከስምምነቱ ወጣ፣ ፍቺው የልጆቹ ነገር ሌላው ሁሉ እንዳለ ቀጠለ፣ ሶስቱ ክፍሎች በኢንጂነር ተገምተው ግማሹን ወንድሜ ለሷ እንዲከፍል ተባለ። በየወሩ እየከፈለ ነው ገና አልጨረሰም። ስሙም አሁን በእናቴና በአራታችን ወራሾች እንዲዞር ፋይል ገብቷል፣ ይሄንን አባታችን እንዳረፈ ማድረግ ነበረብን።

አንድ ኮከብ የቀነስኩበትን ደግሞ ልናገር። አንደኛ ተማሪዎቹ በየሴሚስተሩ ይቀያየራሉ፣ የኛ ልጅ መሃል ላይ ተመርቆ ሲሄድ አዲሷ ልጅ ፋይሉን ስላላነበበች ሁሉንም ከዜሮ ነገርናት፣ አንድ ቀጠሮም በዛ ምክንያት ያለ ጽሑፍ መልስ ቀረብን። የርክክብ ነገር መስተካከል አለበት፣ ሰው ነፍሱን ነው እዛ ፋይል ውስጥ ሚያስቀምጠው። ሁለተኛ ውጭ ላይ መቀመጫ የለም፣ ሽማግሌና ነፍሰጡር ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ስንት ነው። ሶስተኛ ክረምት ላይ ተማሪው ሲበተን ቢሮው ይቀዘቅዛል፣ ፍርድ ቤትም ዕረፍት ይገባና ለአስቸኳይ ነገር ተረኛ ችሎት ብቻ ነው ሚኖረው፣ ስለዚ ጉዳያችሁ ቀን ያለው ከሆነ ክረምቱን አትጠብቁ።

ለአገልግሎቱ አንድ ብር አልከፈልንም፣ ሻይ እንኳ እንጋብዝ ስንል እምቢ ብለዋል። ወጪያችን ኮፒና ባጃጅ ነው። ዳኝነት መክፈል ለማይችል ሰው ደግሞ ሳይከፍል እንዲከራከር በደሃ ደንብ ሚጠየቅበት መንገድ አለ፣ ከቀበሌ ድጋፍ ወረቀት ይዛችሁ ኑ ይጽፉላችኋል።

ምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ድረሱ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ወረፋውም ሙቀቱም አይቻልም። የውሳኔውን ግልባጭ ማህተም ያለበትን፣ ካርታውን፣ የጋብቻና የሞት ማስረጃውን፣ መታወቂያ፣ ሁሉንም ከሶስት ሶስት ኮፒ ጋር ያዙ ምክንያቱም ኮፒ ቤቱ መንገድ ተሻግሮ ነው መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይዘጋል። ትልቅ ሰው ይዛችሁ ምትሄዱ ከሆነ ወንበር ከቤት ያዙ፣ እኛ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የእናቴን የዘይቱን ስር ወንበር ባጃጅ ላይ ጭነን ነበር ምንሄደው።